ጨርቅ የጎረሰ ጥሩምባ

በመሐመድ ዓሊ ጎዳና ላይ ሰርግ ከሚያጅቡት ጥሩምባ ነፊዎች ሁሉ አንደኛው አባቴ ነበር። ይህን እየማልኩ ያደግኩ ሴት ነኝ። በዚህ ነገር ተደባድቤያለሁ፤ ፀጉር ነጭቻለሁ፤ የካውሰርን የፊት ጥርስ አውልቄያለሁ። ጥርሱስ ለነገሩ ሊወልቅ የደረሰ የወተት ጥርስ ነበር፤ እሷ ግን ዛሬም ድረስ ፈገግ ባለች ቁጥር በእኔ ታሳብባለች።

ደግሞ ዝም ብዬ አልነበረም የምምለው። ቡድኑ ሲሰለፍ አባቴ ሪፋዒ ሁልጊዜ ከፊት ነው። ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል። ጢሙ ተበጥሮ፣ ተቀብቶ፣ ጫፉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ይቆማል። ሰማያዊ ኮቱ ላይ የተደረደሩት ቢጫ ቁልፎች ፀሐይ ሲያገኛቸው ዓይን ይወጋሉ። ከኋላ የሚሰለፉት ምን ዓይነት ሰዎች መሰሏችሁ? አንዱ መላጣ፣ አንዱ ጎባጣ፣ ባዩሚ የሚሉት የካውሰር አባት ደግሞ አጭር፣ ዓይኑ የቀላ፣ ከንፈሩ እንደ ተጠበሰ ጉበት የጠቆረ። የላይኛው ከንፈሩ መሀል ላይ ክብ ጠባሳ ነበረው። እኔ በሽታ ነው ብዬ፣ እንዳይጋባብኝ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር በአጠገቡ የማልፈው።

የአባቴ ከንፈር ግን የሙሽራ ከንፈር ነው። ለስላሳ።

ባዩሚም ቢሆን የአባቴን ትልቅነት ያውቃል ብዬ ነበር የማምነው። አባቴ ሻይ ቤቱ በር ላይ ብቅ ሲል ባዩሚ ከመቀመጫው ዘሎ ይነሳና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ጀነራላችን መጣ! ተነሱ እናንተ ከብቶች፣ ጀነራሉ መጣ!» ይላል። ሁሉም ይነሳሉ። ከዚያ በሳቅ ይፈርሱና ባዩሚ የአባቴን ማጅራት በመዳፉ ጷ! ያደርገዋል። በእኛ ሰፈር ወንዶች ሲዋደዱ ማጅራት ይመታታሉ። አባቴ መልሶ አይመታም። ጨዋ ስለሆነ ነው እል ነበር። ሰርግ ቤትም ሌሎቹ በልተው ሲነሱ ነበር እሱ ወደ ትሪው የሚቀርበው። ይሄም ጨዋነቱ ነው እል ነበር። እንግዲህ እንዲህ ነበርኩ።

የሻይ ቤቱ ባለቤትም የቡድኑ አለቃም ሙዓለም ድሱቂ ነው፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰውዬ። ሰርግ ያለበት ሰው ይመጣና አጠገቡ ይቀመጣል። «ስንት ሰው ታሰልፍልኛለህ?» ይላል እንጂ «ምን ትጫወቱልኛላችሁ?» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር የሙሽራው ቤተሰብ ይከበራል። ስለዚህ ድሱቂ ሰልፉን ያስረዝማል። በምን እንደሚያስረዝመው ያኔ አልጠየቅኩም። ልጅ ምን አግብቶት ይጠይቃል?

እቤት ግን አባቴ አንድም ቀን ነፍቶ አያውቅም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲሉ ስለ እኔ ነው። ጥሩምባውን በአመድና በሎሚ ሲፈገፍገው እሱ ጀርባ ተቀምጬ አያለሁ። ከዚያ መስታወቱ ፊት ይቆማል። ጥሩምባውን ያነሳል፤ ጉንጩን ይነፋል፤ ቅንድቡን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ሦስቱ ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ይጨፍራሉ። ሁሉ ነገር አለ፤ ድምፅ የለም።

«አባዬ፣ እስቲ ትንሽ፣ ትንሽዬ ንፋልኝ» እለዋለሁ።

«ዓይን አለ፣ ኢንሻራህ። ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፏል። ይበሉኛል።»

እናቴ ነዒማ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «አዎ፣ ይበሉሃል። ሥጋ አለህና» ትላለች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አልጋ ሥር ገብቼ አሻንጉሊቴን ስፈልግ፣ የሌለሁ መስሏቸው ማውራት ጀመሩ።

«እስከ መቼ ነው ይሄ ነገር፣ ሪፋዒ? ሰው ሁሉ የሚያውቀውን።»

«ሰው ይወቅ። ዓለም ይወቅ። ልጅቷ ብቻ አትወቅብኝ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ነዒማ። እሷን ብቻ ተዪልኝ።»

«አታድግም? ጆሮ የላትም?»

«እስክታድግ እንግዲህ።»

አልጋ ሥር ሆኜ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ገባኝ! አባቴ ሰው ከሚያስበው በላይ ነው፤ ችሎታውን የሚደብቀው ዓይን ፈርቶ ነው፤ እኔ ደግሞ አፌ ወንፊት ስለሆነ እንዳልዘራበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስጥር የተሸከመች ሴት ሆኜ አንገቴን ቀጥ አድርጌ መሄድ ጀመርኩ።

የልጄ ልጅ ሸሩቅ አሁን እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ሥራዋ ድምፅ መሥራት ነው። እንደ መጽሐፍ የሚከደነውን ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ጥሩምባ ሳይኖር ጥሩምባ ታስጮኻለች፤ ለሰርግ ዘፋኞችና በስልክ ለሚያሾፉ ወጣቶች ትሸጣለች። ቴታ ነው የምትለኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ጠራችኝና «ቴታ፣ አንቺ ጥሩምባ መሀል ነው ያደግሽው፤ ይሄ ይመስላል?» አለችኝ።

«የታመመ የበር ደወል ይመስላል» አልኳት።

አልተቀየመችም፤ በእኔ ነው የወጣችው። አጠገቧ አስቀምጣ ታሳየኝ ጀመር። መነሻው መጋዝ የመሰለ ሞገድ ነው፤ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ሻካራ። በላዩ ማጥሪያ ታደርግበታለች፤ ማጥሪያው ሲጀምር ዝግ ነው፣ ወዲያው ይከፈታል። «ነሐስ ድፍን ብሎ ይነሳና ይበራል፣ ቴታ። ሰውየው አየሩን ሲገፋ ነው የሚበራው። ድምፁም ትክክለኛው ቦታ ላይ አይወለድም፤ ዝቅ ብሎ ይነሳና ይንሸራተታል። ከንፈር ቦታውን እስኪያገኝ ነው።»

«ከንፈር ምን አገባው?»

«ድምፁ እኮ የከንፈር ነው። ብረቱ ቧንቧ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የሚርገበገበው ከንፈር ነው። ለዚህ ነው የድሮ ነፊዎች እዚህ ጋ ክብ ምልክት የሚያወጡት» አለችና የራሷን የላይ ከንፈር በጣቷ ነካች።

ባዩሚ በሽተኛ አልነበረም።

ያኔ ወደ ነበርኩበት ልመለስ። የድሱቂ የእህት ልጅ ማግዲ ከኩዌት መጣ። ሱሪው እግሩ ላይ እንደ ቀሚስ የሰፋ፣ ፀጉሩ ጆሮውን የሸፈነ ጎረምሳ። የሬሳ ሳጥን የሚያህል ነገር በሁለት ሰው አሸክሞ ሻይ ቤቱ አስገባ። የኤሌክትሪክ ኦርጋን ነው። ገመዱን ሰካና አንዷን ቁልፍ ተጫነ፤ ዋሽንት ወጣ። ሌላዋን ተጫነ፤ ክራር መሰለ። ከዚያ «ይሄን ስሙ» ብሎ ቀይዋን ተጫነና በአንድ እጁ ብቻ የሙሽራ መግቢያውን ዜማ መታ። የጥሩምባ ሰልፍ ሙሉ ከሳጥኑ ወጣ።

ባዩሚ ሻዩን አስቀመጠ። «ይሄ ጥሩምባ ነው? ይሄ አፍንጫው የተደፈነ ፍየል ነው!»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ድሱቂ ብቻ አልሳቀም። ሳጥኑን ዞሮ አየው፤ ጎኑን እንደሚገዛ በግ ዳበሰው። «ፍየል ይሁን» አለ። «አይበላም፣ አይጠጣም፣ ሰክሮ አይመጣም፣ ባለቤቱን በሰው ፊት አይሰድብም።»

«ሰው ነሐሱን ማየት ይፈልጋል፣ ሙዓለም» አለ መላጣው።

«ያየዋላ። ኮታችሁን ትለብሳላችሁ፣ ጥሩምባችሁን ትይዛላችሁ፣ ትሰለፋላችሁ። የሚነፋው ግን ማግዲ ነው።»

ባዩሚ «እኔ ባዩሚ፣ ልቁም?» አለ። ድምፁ ሲቀጥን የሰማሁት ያኔ ነው። «እኔ እንደ ሪፋዒ ልቁም?»

«እንደ ሪፋዒ መቆም ለአንተ ቀላል መሰለህ? ሥራ ነው እሱም። ጀነራሉ ያስተምርሃል።»

እኔ በር ላይ የአባቴን ምሳ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚህ ሁሉ ንግግር ተሻግሮ ጆሮዬ የገባው አንድ ነገር ነው፤ አባቴ ባዩሚን ሊያስተምር ነው።

በማግስቱ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አየሁት። አባቴ ቆሟል። ነፊዎቹ ሁሉ ፊቱ ተደርድረዋል። እንደ መስታወቱ ፊት ሳይሆን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ባለሙያ ነበር የሚያዛቸው።

«ጉንጭ ብቻ! ሆድህን ለምን ታንቀሳቅሳለህ? ጎባጣው፣ ቅንድብህን አንሳ። ሰው የሚያምነው ቅንድብን ነው። ባዩሚ! አሁንም ድምፅ አወጣህ። እንደገና።»

ባዩሚ ጥሩምባውን አፉ ላይ ሲያደርግ አንድ ቀጭን ድምፅ ታመልጠዋለች። እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ታመልጠዋለች። እንባ ይሁን ላብ፣ ፊቱ እርጥብ ነበር። አባቴ «በቃ አንተም ጨርቅ ትከትበታለህ፣ ሌላ መላ የለህም» አለው፤ ይህን ሲል ግን ወደ መሬት እያየ ነበር። እኔ እስከ መጨረሻው አልሰማሁም። ምሳውን እዚያው ጥዬ ወደ ጎዳናው በረርኩ።

«አባቴ ባዩሚን ጥሩምባ እያስተማረው ነው! ባዩሚ አንዲት ድምፅ አቃተችው! አባቴ እየተቆጣው ነው!»

ከየሰገነቱ ሴቶች ተንጠራሩ። ሲስቁ፣ ሲስቁ፣ አንዷ የልብስ ማስጫ መያዣዋን እላዬ ላይ ጣለች። እኔ በደስታ ነው ብዬ ይበልጥ ጮህኩ። ካውሰር መጥታ «ውሸታም! ያንቺ አባት እኮ ለባሽ ነው፤ ልብሱን ነው የሚለብሰው!» አለችኝ። ጥርሷን ያወለቅኩት ያኔ ነው። ደም በደም ሆና ለአባቷ ልትነግር ሄደች።

የመጀመሪያው የማግዲ ሳጥን ሰርግ ሰይዳ ዘይነብ ሰፈር፣ አንድ ሥጋ ቤት ያለው ሀብታም ቤት ነበር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ድንኳኑ ውስጥ የሙሽሮቹ ወንበር በአበባ ተከቧል፤ ሳጥኑ ከአበባው ኋላ ተደብቋል፤ ድምፁ በትልልቅ ማጉያ ይወጣል። ቡድኑ በሁለት ረድፍ ገባ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። አባቴ ከፊት። ዜማው ሲነሳ ድንኳኑ ራሱ ከመሬት የሚነሳ መሰለ። እንደዚያ ቀን አባቴ አምሮ አያውቅም። ጉንጩ እንደ ሁለት ብርቱካን ተነፍቶ፣ ቅንድቡ ሰማይ ደርሶ። «ያ የኔ አባት ነው! ከፊት ያለው!» እያልኩ አጠገቤ ያሉትን ሁሉ እጎነትላለሁ።

ባዩሚ ከረድፉ ወጣ አለ። በአበባው በኩል አለፈ። እግሩ ከሳጥኑ ገመድ ጋር ተጠላለፈ፤ ወይም የተጠላለፈ አስመሰለ።

ዝም።

ማጉያው ዝም። ሳጥኑ ዝም። ሁሉም ነፊዎች ግን ጉንጫቸው እንደተወጠረ፣ ጣቶቻቸው እየጨፈሩ ነበር። ሰው ይህን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ አንድ ሕፃን ሳቀ።

ባዩሚ ጥሩምባውን አወረደ። «ወገኖቼ!» አለ፣ እጁን ዘርግቶ። «መብራት ቢሄድ ምን ይሆናል? መምህራችን አለ አይደል! ኡስታ ሪፋዒ ብቻውን ይነፋላችኋል። ልጁ በሰፈሩ ሁሉ አውጃለታለች! ውሸት ነው እንዳትሉኝ ደግሞ፣ እዚሁ ናት!»

ጭብጨባ ሆነ። «ሪፋዒ! ሪፋዒ!» እኔ ከሁሉም በላይ ነበር የምጮኸው። በመጨረሻ ዓለም ሊሰማው ነው። «ንፋ፣ አባዬ! ንፋላቸው!»

ወደ እኔ አየ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ጣቱን ወደ ጥሩምባው አፍ ሰደደና ሳበ። ቀይ ጨርቅ ወጣ። ቢስበው አያልቅም፤ ተቀጣጥሎ የተሰፋ ነው። ድንኳኑ አስማተኛ ያየ መስሎት በሳቅ ፈነዳ። ጨርቁ ሲያልቅ ጥሩምባውን አፉ ላይ አደረገና ነፋ።

የወጣውን ነገር ድምፅ ልበለው? እርጥብ ነው። አህያ ሆዷ ሲነፋ የምታሰማው ነው። ባለሥጋ ቤቱ ወንበሩ ላይ ተንከባለለ። ሴቶቹ ለማሾፍ እልል አሉ። አንድ መዳፍ ማጅራቱ ላይ አረፈ፤ ሌላ መዳፍ ተከተለ፤ ልጆች የኮቱን ቁልፎች እየነቀሉ ሮጡ። በዚያ ሁሉ መሀል ባዩሚ የራሱን ጨርቅ አውጥቶ ጣለና የራሱን ጥሩምባ አነሳ። ያንኑ የሙሽራ ዜማ ነፋ። ሰው ሁሉ እንደ ተመታ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም፤ ይህን የምለው ሰውየውን እስካሁን እየጠላሁት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እጄን ይዞ ይሄዳል። እኔ ግን ደርሼበታለሁ።

«አባዬ፣ ጨርቁን ማን እንደከተተው አውቃለሁ።»

ቆመ። «ማን ነው?»

«ባዩሚ ነዋ! እንዳትነፋ ብሎ፣ ተደብቆ ነው የከተተብህ። ጥሩምባህን አበላሸብህ!»

መንገድ ዳር፣ የሰው በር ደፍ ላይ፣ ቁጭ አለ። ራሴን ሳመኝ። «አዎ» አለ። «ባዩሚ ነው።» እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። የተዋረደ ሰው እንባ መስሎኝ አብሬው አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ከሞት ያመለጠ ሰው እንባ ነበር።

የእናቴ ቀይ ቀሚስ እጅጌ እንደሌለው ዓይኔ ያያል። ጨርቁ ከየት እንደመጣ ግን ልቤ አልጠየቀም። ሰው ያየውን ሁሉ ያያል ያለው ማነው?

ባዩሚን ድሱቂ አባረረው። ማሽን የሚያስቆም ነፊ ነው ተብሎ ሌላም ማንም አልቀጠረውም። መቃብር ስፍራው ውስጥ፣ ድሆች በሚኖሩበት፣ ገብቶ ግብጦ መሸጥ ጀመረ። በጋሪው አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር እተፋ ነበር፤ ዛሬም ባገኘው ምራቄን አልነፍገውም። ለምን እንደሆነ በኋላ ትሰማላችሁ።

አባቴንስ? ይባረራል ብዬ ስፈራ ድሱቂ ራሱ ባስቡሳ የሚሉትን ጣፋጭ በትሪ አሸክሞ ቤታችን መጣ። «ጀነራል! ከተማው አንተን ብቻ ነው የሚጠይቀኝ!» አለ። አባቴ ግን እንደ ግድግዳ ነጣ።

«እምቢ በል» አለች እናቴ፣ ድሱቂ ከወጣ በኋላ።

«እምቢ ብዬ ምን ላብላችሁ? ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ሰርግ አትመጣም። ከዛሬ ጀምሮ አትመጣም።»

«አደግሽ፤ ሴት ልጅ ሰርግ ለሰርግ አትዞርም» ተባልኩ። እኔም ተቀበልኩ፤ ምክንያቱም አባቴ ዝነኛ ሆነ። ከኢምባባ፣ ከሹብራ እየመጡ በስሙ ይጠይቁታል። በመንገድ ሲያልፍ ጎረምሶች ሰላምታ ይሰጡታል። ማታ ሲገባ ማጅራቱ ቲማቲም መስሎ ይገባል። «ፀሐይ ነው» ይለኛል፤ እናቴ ቀዝቃዛ ጨርቅ ታደርግለታለች።

ድሱቂ ቡድኑን በሚያሰልፍበት ሰርግ ሁሉ ማሽኑ አሁን በቀጠሮ ነበር የሚቆመው። በቀጠሮ «ጀነራል! ጀነራል!» ይባላል። አባቴ ጨርቁን ይስባል፤ በየሰርጉ ጨርቁ ይረዝማል፤ በኋላ ላይ ከጨርቁ ጫፍ የሴት የውስጥ ሱሪ ታስሮ ነበር የሚወጣው። ከዚያ ያችን የአህያ ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ የፈለገ ሁሉ ማጅራቱን ይመታል። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባቄላ እየፈለፈለች፣ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ አድርጋ።

«አንቺስ እንዴት አልሰማሽም?» ትሉኝ ይሆናል። ሰምቻለሁ እንጂ። ልጆች ነግረውኛል። የነገረኝን ሁሉ በጥፊ አጮልኩት። እኔ ላምን ያልፈለግኩትን ነገር ሠራዊት ቢመጣ ራሴ ውስጥ አያስገባውም።

ዓርብ ዓርብ ከስግደት መልስ አባቴ ጥሩምባውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ መቃብሩ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። እኔ የእናቱን መቃብር ሊያጸዳ ይመስለኛል። እናቴ ሴት ይዟል ትላለች። «ጥሩምባ ይዞ የሚሄድላት ምን ዓይነት ሴት ናት? ሬሳ ናት?» እያለች ትሳደባለች። የሚሄደው ባዩሚ ጋ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ግብጦ በሚነከርበት በርሜል አጠገብ ተቀምጦ፣ እየተሰደበ፣ «የበሬ ከንፈር፣ የሞተ ዓሣ» እየተባለ፣ እንደ ልጅ ከዜሮ ይማር ነበር። በሸበተ ፀጉሩ።

ለእኔ ሰርግ ነው የተማረው።

ገና ልጅ ሳለሁ ነው የዳሩኝ። ባሌ መካኒክ ነው፣ ወንድሞቹ ብዙ ናቸው። ድንኳኑ የተተከለው በእኛ መንገድ ላይ ነው። ከሙሽራ ወንበር ላይ ተቀምጬ አባቴ ሲገባ አየሁት። ብቻውን ነው። ማግዲ የለም፣ ሳጥኑ የለም፣ ሰልፍ የለም። ኮቱ ላይ አዳዲስ ቁልፎች ተተክለዋል። ፊቴ መጥቶ ሲቆም አንድ ነገር አየሁ፤ የላይኛው ከንፈሩ መሀል ላይ፣ ገና ያልደረቀ፣ ክብ ምልክት።

ጥሩምባውን አነሳ። ጉንጩን አልነፋም። ቅንድቡን አልሰቀለም። ፊቱ የተራ ሰው ፊት ሆነ። ነፋ።

መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ። ከዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ፤ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ ተንሸራተተ፤ ቦታውን አገኘ። ቀጣዩን አገኘ። የሙሽራ መግቢያው ዜማ ነው። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን እየረገጠ፣ ጎርፍ የሚሻገር ሰው ድንጋይ እንደሚረግጥ። አምልጦት የሚሰነጠቅም ነበር። ግን ዜማ ነው። አባቴ እየነፋ ነው።

ሰው ቀልዱን ይጠብቃል። ጥቂቶች ከወዲሁ ይስቃሉ። እየጠበቁ ሄዱ፤ ቀልዱ አልመጣ አለ። ከኋላ፣ የድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ፣ ባዩሚ ቆሞ ግብጦ ይልጣል። ያስተማረውን ዜማ እያንዳንዷን እርምጃ በዓይኑ እየተከተለ ነበር፤ ፊቱ እንደ ሬት መሯል። እሱ ከሰልፍ ወጥቶ ግብጦ ሻጭ ሲሆን ለባሹ ሪፋዒ ሊነፋ! እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ጨርቁ የታለ!»

ይኸው በቃ። «ጨርቁ! ጨርቁ!» ድንኳኑ ተቀበለው። የባሌ ወንድሞች ትሪ መደብደብ ጀመሩ። ባሌ እጄን እንደያዘ «ጨርቁን አምጣው፣ አማቼ! ለዛሬ እንኳን አትሰስትብን!» ብሎ ጮኸ፤ በፍቅር ነው የጮኸው፣ ምን ያውቃል። አባቴ የዜማው መሀል ላይ ቆመ። አየኝ። ያን ቀን መቼም መዋሸት አልቻለም፤ እኔም መዋሸት አልቻልኩም። ስንት ዓመት የተሸሸገው ሁሉ በአንድ አፍታ ፊቴ ላይ ተጻፈ፤ እሱም አነበበው።

ኪሱን ዳሰሰ። ጨርቅ አልያዘም። ለዚያ ቀን ጨርቅ አላመጣም። ከባሌ ወንድሞች አንዱ ወጥ የፈሰሰበትን የጠረጴዛ ጨርቅ ጎትቶ ወረወረለት። አባቴ ከመሬት አነሳው። በሰው ሁሉ ፊት፣ ጣቱን እየሰደደ፣ ጥሩምባው ውስጥ ጠቀጠቀው። ጉንጩን ነፋ። ቅንድቡን ሰቀለ። ከዚያ መሳብ ጀመረ።

ሰርጌ ደመቀ ተባለ። እኔ አላለቀስኩም። ኩሌን ሴቶቹ ግማሽ ቀን ነበር የደከሙበት፤ ለነዚያ ስል ላበላሸው? ባዩሚ ላይ ግን የምተፋው ለዚህ ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን እሱም አላነሳ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ባለፈው ሰሞን ሸሩቅን «ይሄ ማሽንሽ መጥፎ ጥሩምባ መሥራት ይችላል?» አልኳት።

«መጥፎ ምን ያደርግልሻል?»

«ሥሪ ስልሽ ሥሪ።»

ጠዋቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አየሩ ይቅደም አልኳት፤ የትንፋሽ ሹክሹክታ አስገባች። ዝቅ ብሎ ይነሳ፣ ከዚህም ዝቅ ይበል። ሲበራ ቶሎ አይብራ፤ ፈርቷል። ማጥሪያውን በጣቷ ጎተተችው። ይንቀጥቀጥ አልኳት። ያማረ ንቅንቅ አደረገችበት። «እንዲህ አይደለም፤ ይሄ የሚያምረው ለዘፋኝ ነው። ጉልበቱ የሚከዳው ሰው እንደሚንቀጠቀጥ» አልኳት። እዚህች ጋ ይሰንጠቅ። እዚህች ጋ ምራቅ ይያዘው። ዜማውን በአፌ እያዜምኩላት ደረደረችው። ተጫነችው።

አባቴ ቤቱ ውስጥ ገባ። የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ። አየሩ፣ መንሸራተቱ፣ ጎርፉን እየረገጠ መሻገሩ። እሱ ነው። ከዚያ ቆመ።

«ከዚህ በኋላስ፣ ቴታ?» አለች ሸሩቅ፣ እጇ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ።

«አላውቅም።»

«ዜማውን ታውቂው የለ?»

«ዜማውን አውቃለሁ። እሱ እንዴት እንደሚጨርሰው አላውቅም። እዚያ ላይ ነው ያስቆሙት።»

አየችኝ። ከዚያ ደግማ አስጮኸችው። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ መጣና ደርቆ ቆመ። ደገመችው። አፏን በእጇ ስትሸፍን አየሁ።

«ምን ያስቅሻል?»

«አይ፣ ቴታ... አትቆጪ። ግን ሲቆም... ወላሂ በጣም ያስቃል።»

ተነስቼ ማድቤት ገባሁ። ፊቴን ታጠብኩ። የታጠበ ሳህን ደግሜ አጠብኩ። ስመለስ «ያን ነገር አጥፊልኝ» አልኳት።

«ለእነዚያ በስልክ ለሚያሾፉት ልኬዋለሁ እኮ» አለች፣ ስልኳን ወደ እኔ እያዞረች። ደስ ብሏት ነበር፤ ሥራዋ ተወዶላታል። ፊደል አልቆጠርኩም። እነዚያን እንባቸው እስኪፈስ የሚስቁ ቢጫ ፊቶች ግን ማንም ያነባቸዋል። አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ፣ ከታች ወደ ላይ ይግተለተሉ ነበር።